ስንትና ስንተኛ፦ በጥያቄ አወጣጥ ላይ የቀረበ ሂስ

በሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ከአንድ የጭነት መኪና ፊት 5 መኪኖች ተሰልፈዋል እንበል። ስንት መኪና ቀደመው ቢባል መልሱ 5 ነው፤ ስንተኛ ነው ቢባል ግን 6ኛ ነው። በአማርኛ ይህን ልዩነት የሚሸከመው «ኛ» የተባለው ባዕድ መድረሻ ነው። ኦሮምኛም «ሜቃ» እና «ሜቀፋ» ሲል በዚያው መንገድ ይለያል። ጥንታዊው ላቲንም ለብዛት «ኰት»፣ ለተራ «ኰቱስ» ነበረው።

እንግሊዝኛ ግን ለስንተኛ የሚሆን የተለመደ አንድ ቃል የለውም። ስለዚህም ከእንግሊዝኛ የተቀዳ መልመጃ «የተራ ቁጥሩ ምንድን ነው» እያለ ሲዞር መታየቱ ያሳዝናል፤ ተማሪው ቃሉን ከቤቱ ይዞ መጥቷልና። ጉዳቱም በቋንቋ አያበቃም። የተድበሰበሰ ጥያቄ የቀረበለት ልጅ 6ኛ በሚባልበት 5 ብሎ ይመልሳል፤ ስሕተቱም የሒሳብ ድክመት ተብሎ ይቈጠርበታል።

ይህ ሲባል ላቲን በሁሉም ረገድ ከአማርኛ ጋር ይገጥማል ማለት አይደለም። ሮማዊው ሰዓት ሲጠይቅ «ኰታ ሆራ» ይል ነበር፤ ይኸውም «ስንተኛ ሰዓት» ማለት ነው። አማርኛ ግን ስንት ሰዓት ነው ይላል። ለእያንዳንዱ ስንት ለማለትም ላቲን «ኰቴኒ» የተባለ ራሱን የቻለ ቃል ሲኖረው፣ አማርኛ «ስንት ስንት» ብሎ መድገም ይበቃዋል። የፕላን ሠራተኞች ዘወትር የሚጠሩት «ኮታ» እንኳ የተገኘው ከዚሁ ከኰቱስ ነው።

ከአንድ ሰልፍ ሁለቱም ጥያቄዎች፣ ስንትና ስንተኛ፣ ጎን ለጎን ቢወጡ መምህሩ ልጁ የተሳሳተው በቈጠራ ይሁን በተራ ወዲያው ይለያል።