ሳይለኩ የታመነ ነፋስ፦ «ከነፋስ የሚገኝ ኀይል» በተባለው መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሂስ

ሚስተር ፓልመር ፑትናም እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ በአሜሪካ፣ በቬርሞንት ግዛት፣ ግራንድፓስ ኖብ በተባለው ተራራ ላይ ስለቆመው የነፋስ ተርባይን ይተርካል። ተርባይኑ 1,250 ኪሎዋት እንዲያመነጭ የታቀደ ሲሆን፣ በዘመኑ አቻ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1941 ሥራ ጀመረ፤ በ1945 አንደኛው ክንፉ ተገንጥሎ ወደቀ።

የክንፉ መሰበር ለአንባቢ ቶሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ከዚያ የሚከብደው ጉዳይ የቦታው አመራረጥ ነው። ጊዜው የጦርነት ዋዜማ በመሆኑ ሥራው ተጣደፈ፤ በተራራው ራስ ላይም በቂ ልኬት ሳይደረግ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 24 ማይል ያህል ይሆናል ተብሎ ተገመተ። በኋላ ሲለካ 17 ማይል ገደማ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኀይሉ ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ ይህ ጉድለት ኀይሉን ወደ ሲሶ ገደማ ያወርደዋል። ደራሲው የግምቱን መሳሳት ሳይሸሽጉ በመጻፋቸው ሊመሰገኑ ይገባል።

ስለ ዛፎች የጻፉት ክፍል ማራኪ ነው። ወደ አንድ ወገን ያጋደለ፣ ቅርንጫፉም በአንድ ጎኑ ብቻ የቀረ ዛፍ ለነፋስ ብርታት ምስክር ይሆናል። ምስክርነቱ ግን ሙሉ አይደለም። በረዶም ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ የዛፍ ዐይነት ሁሉ እኩል አይጎብጥም፤ ዛፍም ስለ ራሱ ቁመት እንጂ ክንፉ ስለሚዞርበት ከፍታ አይናገርም። ስለዚህ ዛፍ መለኪያው የት እንደሚተከል ቢያመለክትም፣ ተርባይኑ ይተከል ብሎ ሊፈርድ አይችልም።

አማካይ ቁጥርም ብቻውን አይበቃም። በአንድ ቦታ ነፋሱ ዘወትር በሴኮንድ 6 ሜትር ይነፍሳል፤ በሌላው ደግሞ እኩሌታውን ጊዜ 3፣ እኩሌታውን ጊዜ 9 ሜትር ይነፍሳል እንበል። አማካያቸው አንድ ነው፤ ዳሩ ግን የኋለኛው ነፋስ የያዘው ኀይል የፊተኛውን 1.75 እጥፍ ነው። ከዚህ የተነሣ ፍጥነቱ በየሰዓቱ፣ በተርባይኑ ከፍታ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ መመዝገብ አለበት። ያም ዓመት የተለየ እንዳይሆን፣ መዝገቡ በአቅራቢያው ካለ የአየር ጠባይ ጣቢያ የብዙ ዘመን መዝገብ ጋር መመዛዘን ይኖርበታል።

መጽሐፉን የምሕንድስና ተማሪ ሁሉ ቢያነበው ይጠቀማል። የአንድ ዓመት ልኬት ወጪ፣ ነፋስ በሚያንሰው ተራራ ላይ ከሚተከል ብረት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ መሆኑን ይረዳበታል።