«የጥላው ንጉሥ»ና የሂሩት ውጅግራ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የተዘረጋው አሮጌው ምድር ባቡር አዋሽን ሳይነካ አያልፍም ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ወደ ስደት የወሰደው ባቡር በዚሁ ሐዲድ ወረደ፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ከሐረር በኩል እየተገፋ የሚሸሸው የኢጣልያ ጦር፥ ተከታዩን ለማገድ ሲል የአዋሽን ድልድይ አፍርሶ ሄደ። ስለዚህ የመዓዛ መንግሥቴን ልብ ወለድ የሚገልጥ የአዋሽ ሰው፥ ታሪኩ በባቡር ጣቢያ ሲጀምር ቢያገኘው እንግዳ አይሆንበትም። ዘመኑ 1966 ነው፤ አገር እየታወከ ነው፤ ሂሩት የምትባል አንዲት ሴት በአዲስ አበባ ጣቢያ ተቀምጣለች። የያዘችው ሣጥን የእርሷ አይደለም። ውስጡ ፎቶግራፍና ደብዳቤ ሞልቶበታል፤ ባለቤቱም ኤቶሬ ናቫራ የተባለ፥ በወረራው ዘመን ከጠላት ጦር ጋር የመጣ ኢጣልያዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ሂሩት ሣጥኑን ልትመልስለት ትጠብቀዋለች።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2019 ታተመ፤ በማግሥቱም ዓመት ለታወቀው ለእንግሊዞች የቡከር ሽልማት ከታጩት ከመጨረሻዎቹ ስድስት አንዱ ሆነ። ስሙ በአማርኛ ሲመለስ «የጥላው ንጉሥ» ይሆናል። ደራሲዪቱ አዲስ አበባ ተወልደው በሕፃንነታቸው ከአገር የወጡ ናቸው። ነገሩም በአጭሩ ይህ ነው፤ ሂሩት እናት አባቷ ሞተውባት በኪዳኔና በሚስቱ በአስቴር ቤት በገረድነት የምትኖር ልጅ ናት። ጦርነቱ ሲመጣ ኪዳኔ ሠራዊት ሰብስቦ ይዘምታል፤ አስቴርም ሴቶቹን ታስከትላለች። ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ የሕዝቡ ልብ እንዳይሰበር፥ መልኩ ንጉሡን የሚመስል ምንም የተባለ አንድ ድኻ በንጉሥ ልብስ ተሸልሞ በፈረስ ላይ ይታያል፤ ሂሩትም የዚህ የጥላ ንጉሥ ጠባቂ ወታደር ትሆናለች።

ነገር ግን የመጽሐፉ ሥር ንጉሡም ጥላውም አይደለም፤ አንድ አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃ ነው። ለሂሩት ከአባቷ ከፋሲል የቀረላት ሀብት እርሱ ብቻ ነው። አባቷ የቀረጻቸው ምልክቶችም አሉበት። ኪዳኔ ለዘመቻው መሣሪያ ሲሰበስብ ይህን ጠመንጃ ይወስድባታል። ከዚያ በኋላ ልጅቱ የምታደርገው ኹሉ፥ ስርቆቷም እልኳም ዝምታዋም፥ ከዚህ ንጥቂያ የሚመነጭ ነው። ደራሲዪቱ እዚህ ላይ ብርቱ ናቸው። ስለ አገር ነጻነት የሚጻፍ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ጠላትን ከውጭ ብቻ ያሳያል፤ እዚህ ግን ጠላት ድንበር ሳይሻገር ገና አንዲት ልጅ በገዛ ቤቷ ትዘረፋለች፤ በዘመቻውም መካከል ያው አዛዥዋ ክብሯን ይደፍራል። ይህን ማንበብ ለአንባቢ ደስ አያሰኝም። ኪዳኔ አርበኛ ነው፤ ለአገሩ የሚሞት ሰው ነው፤ በደለኛም ነው። ሦስቱንም በአንድ ሰው ላይ ማየት ለለመደ ዓይን ይከብዳል፤ ሆኖም ደራሲዪቱ አንዱን ለማዳን ሲሉ ሌላውን አልደበቁም።

ከመጽሐፉ ጋር ከታተመው የደራሲዪቱ ቃል ውስጥ ግን ከልብ ወለዱ የሚበልጥ አንድ እውነተኛ ነገር ይገኛል። የደራሲዪቱ ቅድመ አያት ጌጤ፥ ክተት በታወጀ ጊዜ ገና ልጅ ነበሩ። ከእያንዳንዱ ቤት የበኵር ልጅ ከጠመንጃው ጋር ይዝመት ተብሎ ነበርና፥ በቤታቸው በኵሯ እርሳቸው ነበሩ። አባት ግን ጠመንጃውን ለልጅቱ ሳይሆን ለተዳረችለት ሰው ሊሰጡ ወደዱ። ልጅቱ እምቢ አሉ፤ አባታቸውን ከሰሱ፤ ዳኛ ፊት ቆመው ተሟገቱ፤ ረቱም፤ ጠመንጃውንም ተቀብለው ዘመቱ።

ይህን ያነበበ ሰው ወደ ልብ ወለዱ ሲመለስ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል። ይህ ሙግት በሂሩት ታሪክ ውስጥ ስለ ምን የለም? በኢትዮጵያ ፍርድ ማለት የመኳንንት ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ገበሬው በዛፍ ጥላ ሥር ዳኛ ሰይሞ ይሟገት ነበር፤ በላ ልበልሃን የማያውቅ ሕፃን አልነበረም፤ ርስትም በብዙ አገር ለሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ይደርሳት ስለ ነበር ሴት ከሳሽ ሆና በችሎት መታየቷ ብርቅ አልነበረም። መሬቱን የወረሰች ልጅ የመሬቱን ጣጣ ልትወርስ፥ ጠመንጃውንም ልትጠይቅ መብት አለኝ ብትል፥ የምትናገረው ከባዕድ አገር የመጣ ትምህርት ሳይሆን የአገሯን ሥርዓት ነው። የጌጤ ክስ የሚያስደንቀው በዚህ ነው። አባት የሥርዓቱን አንዱን ገጽ ያዙ፤ ልጅቱ ሌላውን ገጽ ገለጠች፤ ዳኞቹም ለልጅቱ ፈረዱ። በልብ ወለዱ ግን ዳኛ የለም። ሂሩት ጠመንጃዋን ስትነጠቅ የምትጮኽበት አደባባይ ስለሌላት፥ ትግሏ ኹሉ በልብ ውስጥና በጨለማ የሚደረግ ይሆናል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ከዚህ የሚረዳው፥ ለኢትዮጵያዊት ሴት ከዝምታና ከዓመፅ በቀር ሦስተኛ መንገድ እንዳልነበራት ነው፤ የደራሲዪቱ ቅድመ አያት ግን በሦስተኛው መንገድ ሄደው ረትተዋል።

ለደራሲዪቱ የሚከራከር ሰው ደግሞ የሚለው አያጣም። ጌጤ የቤት ልጅ ነበሩ፤ ሂሩት ገረድ ናት። የቤት ልጅ አባቷን ትከሳለች፤ እናት አባት የሌላት ገረድ ጌታዋን በማን ዋስ፥ በማን ምስክር ትከሳለች? ይህ መልስ ቀላል አይደለም። ደራሲዪቱ የቅድመ አያታቸውን ክብር ለጀግናዪቱ ቢሰጧት ኖሮ መጽሐፉ የአንድ ቤተሰብ ውዳሴ ሆኖ ይቀር ነበር፤ እርሳቸው ግን ከዚያ ዝቅ ብለው ችሎት የማይደርስላትን ሴት ፈለጉ። በመጽሐፉ ውስጥ ስሟ ሳይጠራ «ወጥ ቤቷ» የምትባል አንዲት ሴት አለች፤ ከታሪኩ ሰዎች ኹሉ በአንባቢ ልብ ረጅም ጊዜ የምትቀመጠውም ምናልባት እርሷ ናት። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ቢሆንም ሙግቱ ቢያንስ እንደ ወሬ፥ እንደ ተረት፥ አስቴር ለሴቶቹ እንደምትነግረው የሌላ መንደር ነገር ሆኖ ቢገባ ኖሮ የሂሩት ዝምታ የበለጠ በተሰማ ነበር። ዳኛ መኖሩን የምታውቅ፥ ዳኛ ግን የማይደርስላት ሴት፥ ዳኛ የሚባል ነገር ከማታውቀው ይልቅ በደሏ ይመራል።

የኢትዮጵያ የታሪክ መጻሕፍት እስካሁን በስም የጠሩአቸው ሴቶች አብዛኛዎቹ የወይዛዝርት ወገን መሆናቸው የታወቀ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የመሸገው የኢጣልያ ጦር ከውሃው ምንጭ እንዲቈረጥ ያደረጉት ምክር በሰፊው ይነገራል። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም የልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ፥ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘር ናቸው፤ ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ከወንድማቸው ከደጃዝማች አስፋወሰን ጋር በምሕረት ቃል ተታለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ፍቼ ላይ ሲገደሉ፥ ወይዘሮዪቱ የባላቸውን ሠራዊት ይዘው በዱር ተዋጉ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች ጥይትና ስንቅ፥ ከኹሉም በላይ ወሬ እያቀበሉ ቈይተው ተያዙ፤ ተሠቃዩ፤ በኢጣልያ ባሕር ወዳለችው ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ፤ ሲመለሱም ያንኑ ሥራ ቀጠሉ፤ በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ በተደረገው ውጊያም ስማቸው ይነሣል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ነበሩ፤ በአሲናራ ታስረው ከተመለሱ በኋላ «የልቤ መጽሐፍ» ብለው ባሳተሙት ሥራ የዚያን ዘመን መከራ በግጥምና በትያትር መልክ አስቀመጡ። እነዚህን የሚያህሉ ሴቶች ሊታወሱ ይገባል። ነገር ግን ወይዘሮ ከበደች ሲዘምቱ ምጣዱን የተሸከመችው፥ ቁስለኛውን የደገፈችው፥ የሞተውንም ጠመንጃ አንሥታ የተኰሰችው ሴት ስሟ ማን ነበር? መዓዛ መንግሥቴ የገቡት በዚህ ክፍት በር ነው።

በዚህ ነገር ሕንድን ከኢትዮጵያ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። የጃንሲ ንግሥት ላክሽሚባይ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1858 እንግሊዝን ስትዋጋ ሞተች። በኋላ ሱብሐድራ ኩማሪ ቻውሃን የተባለች ባለ ቅኔ ግጥም ጻፈችላት፤ ግጥሙም በሰሜን ሕንድ ሕፃናት አፍ ገባ። በ1943 ደግሞ ሱባስ ቻንድራ ቦስ በሲንጋፖር የሴቶች ክፍለ ጦር ሲያቋቁም በዚያችው ንግሥት ስም ሰየመው፤ አዛዡም ሐኪሟ ሻምበል ላክሽሚ ስዋሚናታን ሆነች። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ በማላያ የጎማ እርሻ የሚሠሩ የታሚል ድኾች ልጆች፥ ሕንድንም በዓይናቸው ያላዩ ነበሩ። የስም ኃይል ይህን ያህል ነው፤ ሰማንያ አምስት ዓመት ቈይቶ የእርሻ ሠራተኛን ልጅ ጠመንጃ ያስነሣል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1933 ዓ.ም. አራተኛውና አምስተኛው የሕንድ ክፍለ ጦር በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር ከረን ላይ ከኢጣልያ ጋር ተዋግተው ነበር። ወንዶቹ ለኢትዮጵያ ነጻነት በዚያ ባንዲራ ሥር ሲወድቁ፥ ሴቶቹ ለራሳቸው ነጻነት በዚያው ባንዲራ ላይ ተነሡ። በሕንድ ስሙ ቀድሞ ሠራዊቱ ተከተለው። በኢትዮጵያ ግን የሴቶቹ ሠራዊት ቀድሞ ሲያልፍ፥ ስሙ በሰማንያ ዓመት ዘግይቶ፥ ያውም በሌላ ቋንቋ መጣ።

ስለ አጻጻፉ ጥቂት መናገር ይገባል። ደራሲዪቱ ታሪኩን በቀጥታ አያወርዱም፤ እንደ ግሪኮች ጥንታዊ ትያትር በኅብረት የሚናገሩ ድምፆችን ያስገባሉ፤ በየመካከሉም አንዳንድ ፎቶግራፍ በቃል ይሥላሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በብቻቸው ተቀምጠው አይዳ የተባለውን የቬርዲን ኦፔራ ሲሰሙ ያሳያሉ። አይዳ በግብፅ የተማረከች ኢትዮጵያዊት ልዕልት ናትና ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ፎቶግራፎቹ መልካም ናቸው። የኅብረቱ ድምፅ ግን ከመጠን አለፈ፤ ሂሩት አልቅሳ ሳትጨርስ ኅብረቱ ልቅሶውን ይተረጕማል፤ አንባቢም ራሱ እንዲያለቅስ ጊዜ አይሰጠውም። ኤቶሬም ከድርሻው የበለጠ ተሰጠው። እስረኞች ከገደል ሲወረወሩ በአለቃው በፉቼሊ ትእዛዝ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ነው፤ በአይሁድነቱ ምክንያት የገዛ መንግሥቱ ስለሚያሳድደው ደራሲዪቱ ያዝኑለታል፤ ማዘናቸውም አያስወቅስም። ይሁን እንጂ የእርሱ ጭንቀት በብዙ ገጽ ሲዘረዘር፥ የወጥ ቤቷ በጥቂት ገጽ ተጠቅልሎ ይቀራል። መጽሐፉም ስሙን ያገኘው ከሂሩት አይደለም፤ ከምንም ነው። ስለ ሴቶች ወታደርነት የተጻፈው ትልቁ ልብ ወለድ በወንድ፥ ያውም በሐሰተኛ ንጉሥ ስም መጠራቱን ደራሲዪቱ ሳያስቡበት አደረጉት ማለት አይቻልም፤ ሂሩት የምትጠብቀው ጥላ ነውና እርሷ የጥላ ጥላ ሆነች ለማለት ይሆናል። ብልሃቱ ግልጽ ነው፤ ቢሆንም የጠፋባትን ስም ሊመልስላት የተነሣ መጽሐፍ በሽፋኑ ላይ ቢጀምር ይሻል ነበር።

የመጽሐፉ ጦርነት የደገኛ ጦርነት ነው። ሰዎቹ የሚዋጉት በሰሜን ተራራና ገደል፥ በብርድና በጉም ውስጥ ነው፤ ወደ ቈላው አይወርዱም። ሆኖም በመጋቢት 1928 አንድ የኢጣልያ ጦር ከአሰብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፥ ስንቁ በአውሮፕላን እየወረደለት ሰርዶን ይዞ ነበር። ዛሬ ሰመራ የተባለችው ወጣት ከተማ ከሰርዶ ብዙ ሳትርቅ ቆማለች፤ በዚያም የሚያልፈው የከባድ መኪና መንገድ ቀን ከሌሊት አይተኛም። ያ ጦር የውሃ ጕድጓዶቹን ሲይዝ ጕድጓዱ ዘንድ የነበሩት፥ ግመል የሚጭኑት፥ ቤቱን ነቅለው የሚተክሉት የአፋር ሴቶች ናቸው። ሂሩት ሣጥኗን ይዛ የምትጠብቀው ኤቶሬ የደጋ ሴቶችን ፎቶግራፍ አንሥቶ ሄዷል፤ በዚያ ሣጥን ውስጥ ከአዋሽ በታች የተነሣ አንድም ፎቶግራፍ የለም።