የማይሰን እረኛ በሰምና በወርቅ ሚዛን

በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ያቀረበውን ቅኔ መምህሩ ሲመረምር፥ ሰሙ ያማረ ቢሆን እንኳ ወርቁ ከጠፋበት አያሳልፈውም። በኤውሮጳ ሮኮኮ በተባለው ስልት ዘመን የተሠሩት ትንንሽ የፖርሴሊን ምስሎችም በዚሁ ሚዛን ቢመዘኑ የተገባ ነው፤ የታሪካቸው መጀመሪያ ራሱ ቅኔ ይመስላልና።

የሳክሶን ገዥ አውጉስጦስ፥ ወርቅ መሥራት ዐውቃለሁ ያለውን ቤትገርን አስሮ ያሠራው ነበር። ቤትገርም ከሊቁ ከቺርንሃውስ ጋራ ሲደክም፥ በፈረንጅ ቊጥር በ1708 ዓመት፥ በወርቁ ፈንታ የቻይናን ነጭ ሸክላ ምስጢር አገኘ። በ1710 የማይሰን ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በ1731 ወደዚያ የገባው ቀራፂ ኬንድለር ምስሎቹን አበዛቸው። ቀድሞ በመኳንንት ማዕድ ላይ ከስኳርና ከሰም ይሠሩ በነበሩት ጌጦች ፈንታ እነዚህ ቆሙ። ሰሙ ቀላጭ ነበረ፤ ሸክላው ግን በእሳት አልፎ ጸና።

የእጁ ጥበብ የሚነቀፍ አይደለም። ሸክላው በእሳት ውስጥ ከስድስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይኰማተራልና፥ ሠሪው ይህን አስቀድሞ ዐስቦ አተልቆ ይቀርፀዋል። ምስሉ እንዳይወድቅም በስተኋላው የዛፍ ጕቶ ያስደግፈዋል። ለተመልካች ጌጥ የሚመስለው ጕቶ ምሰሶ ነው፤ በዚህስ ወርቅ አለበት።

ነቀፌታው በእረኛው ምስል ላይ ነው። የማይሰን እረኛ ያማረ ልብስ ለብሶ፥ ጕንጩ ቀልቶ፥ ከነጭ ጠቦቱ ጋራ ፈገግ ይላል። በመካነ ሰላም ደጋ በውርጭ ማለዳ በግ የሚያሰማራውን ልጅ የሚያውቅ አንባቢ፥ በዚህ ምስል ላይ ብርድም ራብም የቀበሮ ሥጋትም እንደሌለ ያያል። መኳንንቱ የድኻውን ሥራ ያለ ድካሙ ወደዱት፤ ሰሙ እረኛ ነው፥ ወርቁ ግን የለም።

በኢትዮጵያ ነገሩ ይገለበጣል። በጎንደር አጠገብ በወለቃ፥ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሠሯቸው የሸክላ አንበሶችና ሰዎች የሚያብረቀርቅ ልባስ የላቸውም፤ ነገር ግን እንስራና ምጣድ ከሠራው እጅ ስለ ወጡ ድካሙ ይታይባቸዋል። የኬንድለር ስም በመጽሐፍ ሲጻፍ፥ ሸክላ ሠሪዋ ግን «ቡዳ» እየተባለች ስትናቅ ኖረች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ፤ ንቀቱ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም።

እንግዲህ የሩቁን ሸክላ በመስታወት ሣጥን አኑሮ የቅርቡን ሠሪ የሚንቅ ቤት፥ እርሱም ራሱ ወርቅ የሌለው ቅኔ ነው።