የፕሮቪንስታውን ተዋንያን ማኅበርና ሥራው

ስለ አንድ የቴአትር ማኅበር ሲነገር ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው፥ አዳራሹ ስንት ሰው ይይዛል፥ ገቢውስ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎችን ሰብስበው ቴአትር ለማሳየት የሚደክሙ መምህራንም ስለ መድረክና ስለ መጋረጃ እጦት ሲያማርሩ እንሰማለን። ማማረራቸው ያለ ምክንያት ነው ልንል አንችልም። ነገር ግን የመድረክ ጥበት ራሱ መልካም ድርሰት ያስገኘበት ጊዜ ስላለ፥ በአሜሪካ አገር የነበረውን የፕሮቪንስታውን ተዋንያን ማኅበር ሥራ ጥቂት ልንመረምር አሰብን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፕሮቪንስታውን በማሳቹሴትስ ግዛት በባሕር ዳር የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። በ1915 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ከኒው ዮርክ ለዕረፍት የሄዱ ጥቂት ደራስያንና ሠዓሊዎች፥ ራሳቸው የጻፏቸውን ሁለት አጫጭር ድርሰቶች በአንድ የኪራይ ቤት ውስጥ ለወዳጆቻቸው አሳዩ። የመጀመሪያው ድርሰት በበረንዳው ላይ ሲታይ ተመልካቾቹ በቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ሁለተኛው ሲጀመር ተመልካቾቹ ወደ በረንዳው ወጡ፥ ተዋንያኑም ወደ ውስጥ ገቡ። በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ የነበሩት ታላላቅ ቴአትር ቤቶች ገንዘብ ማስገባቱ ያልተረጋገጠን ድርሰት ለማሳየት አይደፍሩም ነበርና፥ እነዚህ ሰዎች የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ በራሳቸው ጀመሩ። ከዚያም የጸሐፊዋ የሜሪ ሂተን ቮርስ ንብረት የሆነውን፥ በውሃ ላይ በተተከሉ ምሰሶዎች የቆመ አሮጌ የዓሣ መጋዘን መድረክ አደረጉት። የመሪያቸው ስም ጆርጅ ክራም ኩክ ነው፤ ባለቤቱም ደራሲዋ ሱዛን ግላስፔል ናት።

ዩጂን ኦኒል የተባለው፥ ገና ስሙ ያልታወቀ ወጣት፥ በ1916 ዓ.ም. ወደዚያ መጋዘን መጣ። «ወደ ካርዲፍ» ልንለው የምንችለው አጭር ድርሰቱ በመርከበኞች መኝታ ክፍል ውስጥ ቆስሎ ስለሚሞት አንድ መርከበኛ የሚናገር ነው። በታየበት ሌሊት ጉም ወርዶ፥ የባሕሩም ውሃ ከወለሉ ሥር ይንቦጫቦጭ እንደ ነበረ ግላስፔል በኋላ ጽፋለች። ባለጸጋ ቴአትር ቤት ይህን ያህል የመርከብ ስሜት ለመፍጠር ስንት ብር ባወጣ ነበር! በዚያው ዓመት መስከረም ወር ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ፥ ደራሲው ድርሰቱን በራሱ አሳብ እንዲያዘጋጅ መብት ሰጠው፤ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ በማክዱጋል መንገድ ላይ አንድ ቤት ተከራየ። አባሎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ደመወዝ ይሠሩ ነበር። ከታዩት ድርሰቶች ብዙዎቹ ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም፤ ይህም አያስደንቅም፥ አዲስ ነገር የሚሞክር ሁሉ ሲሳሳት ይኖራልና።

ስለ ማኅበሩ የጻፉ ብዙዎች ክብሩን ሁሉ ለኦኒል ይሰጡታል። ኦኒል በ1936 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት የተቀበለ ስለሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው። በእኛ አስተያየት ግን የማኅበሩ እውነተኛ መለኪያ የግላስፔል «ጥቃቅን ነገሮች» ነው። ግላስፔል ራሷ እንደ ተረከችው፥ ባሏ ድርሰት ጻፊ ቢላት ወደ መጋዘኑ ሄዳ መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ባዶውን መድረክ ስትመለከት፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መድረኩ ወጥ ቤት ሆኖ ታያት። ድርሰቱ በነሐሴ 1916 ዓ.ም. ታየ። መነሻውም ጋዜጠኛ በነበረችበት ጊዜ በአዮዋ ግዛት የተከታተለችው የግድያ ክስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ገበሬ በተኛበት በገመድ ታንቆ ተገኝቷል፤ ሚስቱም ታስራለች። ዐቃቤ ሕጉና የፖሊሱ ሹም ማስረጃ ፍለጋ ወደ ቤቱ መጥተው ሲወጡና ሲወርዱ፥ አብረዋቸው የመጡት ሁለት ሴቶች በወጥ ቤቱ ይቀራሉ። ወንዶቹ ሴቶች በጥቃቅን ነገር ይጨነቃሉ ብለው ያፌዛሉ። ሴቶቹ ግን በብርድ የፈነዱትን የማርማላታ ጠርሙሶች፥ ሥርዓት ይዞ ሲሄድ ቆይቶ በድንገት የተዛነፈውን ስፌት፥ በሩ የተሰበረውን የወፍ ጎጆ ያያሉ። በመጨረሻም በስፌት ሣጥኑ ውስጥ በሐር ጨርቅ የተጠቀለለች፥ አንገቷ የተጠመዘዘ ዘማሪ ወፍ ያገኛሉ። ባልየው ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ፥ ሚስቲቱም ለምን እንዳደረገችው ገባቸው። ሬሳውን ሸሽገው ዝም ይላሉ። የተከሰሰችው ሴት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመድረክ ላይ አትታይም። ሺህ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ስፌት መዛነፉን ማን ያየዋል? ይህ ድርሰት ለጠባብ ቤት፥ ለቅርብ ዓይን የተጻፈ ነው። ሕግ አዋቂ አንባብያን የሴቶቹን ማስረጃ መሸሸግ እንደማያመሰግኑ እናውቃለን፤ ደራሲዋም አመስግኑልኝ አላለችም። የጠየቀችው፥ ያን ቤት መርምሮ ሊፈርድ የሚችል ዐይን የማን ነው የሚለውን ነው።

በኅዳር 1920 ዓ.ም. የኦኒል «ንጉሠ ነገሥት ጆንስ» ታየ። ኩክ ለዚህ ድርሰት በመድረኩ ጀርባ ብርሃን ተቀብሎ እንደ ሰማይ የሚታይ ጕልላት አሠርቶ የማኅበሩን ገንዘብ አብዛኛውን ጨረሰ። በየጫካው የሚሸሸውን ጆንስን የተጫወተው ቻርልስ ጊልፒን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የከበሮው ድምፅ በልብ ትርታ መጠን ጀምሮ እየፈጠነ መሄዱ ታላቅ ፈጠራ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ጥቁር ሰው ሥልጣኔውን እንደ ልብስ እያወለቀ ወደ ፍርሃት ይመለሳል የሚለው የድርሰቱ አሳብ እኛን አያስደስተንም። ጊልፒንም በድርሰቱ ውስጥ የሚደጋገመውን ጥቁሮችን የሚያዋርድ ቃል በሌላ ቃል እየለወጠ ይናገር ነበርና፥ በዚህ ምክንያት ከደራሲው ጋር ተጣላ። በ1921 ዓ.ም. የድራማ ሊግ የተባለው ማኅበር በዓመቱ ለቴአትር ብዙ ከሠሩት አሥር ሰዎች አንዱ አድርጎ ሲመርጠው፥ ከነጭ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀመጥም የሚሉ ተነሡ፤ ሌሎች የጥበብ ሰዎች ግን እርሱ ካልተገኘ እኛም አንገኝም ስላሉ በግብዣው ላይ ተገኘ። በ1925 ዓ.ም. ድርሰቱ በለንደን ሲታይ ጆንስን የተጫወተው ጊልፒን ሳይሆን ፖል ሮብሰን ነበር። ጊልፒን በ1930 ዓ.ም. ሞተ። ማኅበሩ ለደራሲ የሰጠውን ነጻነት ለተዋናይ አልሰጠም፤ በዚህ በኩል ደንቡ ጎዶሎ ነበር።

ድርሰቱ እጅግ ስለ ተወደደ ወደ ብሮድዌይ ትልቅ ቴአትር ቤት ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ አዲስ ሥራ ወደዚያ መሻገሩና አለመሻገሩ ይታሰብ ጀመር፤ ጠባቡ ቤት የዝግጅት መጠበቂያ እንጂ መኖሪያ መሆኑ ቀረ። ኩክ ማኅበሩ መልካም ሞት ቢሞት ይሻላል ብሎ በ1922 ዓ.ም. ከግላስፔል ጋር ወደ ግሪክ አገር ሄደ፤ በጥር 1924 ዓ.ም. በዴልፊ ዐረፈ። ኦኒልና ሁለት ጓደኞቹ ሥራውን በሌላ መልክ ቀጠሉት፤ ቤቱም በ1929 ዓ.ም. ተዘጋ።

«ጥቃቅን ነገሮች» ወደ አማርኛ ቢመለስ ለተማሪዎች የሚስማማ ይመስለናል፤ የሚያስፈልገው አንድ ምድጃ፥ አንድ ጠረጴዛና አምስት ሰው ብቻ ነው። ድርሰቱ የሚያበቃው በአንድ የስፌት ቃል ነው፤ ቃሉ ክሩን መቋጠር ማለት ሆኖ የሟቹን አንገት ያነቀውንም ገመድ ያስታውሳል። በዚህስ ቋንቋችን አይቸገርም፤ ክርም ገመድም ቂምም በአማርኛ ይቋጠራል። ተርጓሚውን የሚያስቸግረው ሴትዮዋ ከቁራጭ ጨርቅ ትሰፋው የነበረው የአልጋ ልብስ ነው። ድሪቶ ቢለው የድህነት ስም ይሆንበታል፤ በዚያ አገር ግን የባለሙያ ሴት መመኪያ ነበር።