«ዱፕሊሲቲ»፣ መንታ ምላስና ቅኔ

«ዱፕሊሲቲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ «አታላይነት» ይባላል። ትርጉሙ ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ቃሉ ከላቲን የተወረሰ ሲሆን መሠረቱ እጥፍነት ነው፤ ማታለሉ የሚፈጸመውም በዚሁ ሁለትነት አማካይነት ነው። በእንግሊዝ የሕግ ቋንቋማ በአንድ ክስ ውስጥ ሁለት ወንጀል መደረብ በዚሁ ቃል ይጠራል፤ እዚያ ላይ የዋሸ ሰው የለም። አማርኛም ይህ ጠባይ አለው። «ምንታዌ» ነቀፌታ የለበትም፤ ዘመዱ «መንታ ምላስ» ግን ስድብ ነው።

ይህን እንዳነሣ ያደረገኝ አንድ የተማሪ ጽሑፍ ነው። ተማሪው ሰምና ወርቅን ለውጭ አንባቢ ሲያስረዳ «ዱፕሊሲቲ» ብሎታል። መነሻው ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ዋክስ ኤንድ ጎልድ» ነው። ሌቪን ሰምና ወርቅን ከቅኔ ቤት አውጥቶ የአማራ ኅብረተሰብ በተዘዋዋሪ የመናገር ልማድ መጠሪያ አድርጎታል። ከዚያ ወደ አታላይነት የቀረው አንድ እርምጃ ነው፤ ተማሪው ተራመደው።

ልዩነቱን ለማየት ከቅኔ ቤት ይልቅ የቡና ገበያ ይቀርባል። በጅማ ዞን፣ በመና ወረዳ፣ የቡ ገበያ ላይ አንድ ደላላ ገበሬውን «ጅማ ላይ ዋጋ ወርዷል» ቢለው፣ ዞር ብሎ ደግሞ ነጋዴውን «ዘንድሮ ጀንፈል የለም፣ ጨምር» ቢለው፣ ሁለት ሰሚ አለው፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ዱፕሊሲቲ ይህ ነው። (አማርኛ «ድለላ»ን ለማገበያየቱም ለመሸንገሉም ማዋሉ ያለ ምክንያት አይመስለኝም።) በቅኔ ግን ሁለቱም ፍቺ የሚቀርበው ለአንድ ሰሚ ነው። ሰሚው ወርቁን ሲያገኝ ባለቅኔው ይደሰታል። ገበሬውና ነጋዴው ተገናኝተው ቢነጋገሩ ግን ደላላው ያልቅለታል።

አስቸጋሪው በገዢ ፊት የሚቀርበው ቅኔ ነው። ሰሙ ለገዢው፣ ወርቁ ለሌላው ታዳሚ ከሆነ ሰሚዎቹ ተለያዩ ማለት ነው። ሌቪንም ሰምና ወርቅ ባለሥልጣንን መተቺያ መሆኑን ጠቅሷል። እዚህ ላይ ተማሪው በከፊል እውነት አለው። ሆኖም ደላላው የሚሸሽገው ለትርፉ ሲሆን ባለቅኔው ለአንገቱ ነው፤ ቅኔ የሚያውቅ ገዢም ወርቁን እየሰማ እንዳልሰማ ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ የተታለለው ማን ነው? «ዱፕሊሲቲ» ለዚህኛው ዓይነት ቅኔ፣ ያውም ከማብራሪያ ጋር፣ ቢነገር አልቃወምም። ለቀረው «ሰምና ወርቅ» ሳይተረጎም እንዳለ ቢጻፍ እመርጣለሁ።