ለችግረኞች ምግብ ስለ መሰብሰብና ስለ አንድ መጽሐፍ

መልካም ሥራን መንቀፍ ከባድ ነገር ነው። ነቃፊው ንፉግ ይባላል፤ የተነቀፈውም «ደግ ሠርቼ ምን በደልሁ?» ብሎ ያዝናል። ነገር ግን መልካም ሥራ ሳይመረመር ሲኖር ቀስ በቀስ ልማድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የደጎችን ሥራ በድፍረት የመረመረ አንድ መጽሐፍ እንመልከት።

መጽሐፉ «ስዊት ቻሪቲ?» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ጣፋጭ ምጽዋት?» ማለት ነው። የጻፉት በኒው ዮርክ በሀንተር ኮሌጅ የኅብረተሰብ ጥናት ያስተማሩት ጃነት ፖፐንዲክ ናቸው። የታተመው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። በርእሱ መጨረሻ ያለችው የጥያቄ ምልክት የመጽሐፉን ነገር ሁሉ ትይዛለች። ምጽዋት የሚጣፍጠው ለማን ነው? ለተቀባዩ ነው ወይስ ለሰጪው?

በአሜሪካ በየሰፈሩና በየቤተ ክርስቲያኑ ለችግረኞች ምግብ በነጻ የሚታደልባቸው ግምጃ ቤቶች አሉ። እነዚህንም ለመሙላት በጎ ፈቃደኞች በየቤቱና በየሱቁ ደጃፍ እየዞሩ በቆርቆሮ የታሸገ ባቄላና ሾርባ፥ ሩዝና ፓስታ ይሰበስባሉ። እጅግ የታወቀው የደብዳቤ አዳዮች ማኅበር የሚያደርገው ነው። በሜይ ወር በሁለተኛው ቅዳሜ ሰዎች ምግብ የሞላበትን ከረጢት በፖስታ ሣጥናቸው አጠገብ ያኖራሉ፤ ደብዳቤ አዳዩም ደብዳቤውን ትቶ ከረጢቱን ያነሣል። ሥራው በመላው አገር በተጀመረበት በ1993 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ11 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ፥ ማለት 5 ሚሊዮን ኪሎ ያህል ምግብ ተሰበሰበ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶቻችን ይህን ቢያዩ ደስ ባላቸው ነበር።

ታዲያ ነቀፌታው ምን ላይ ነው? ደራሲዋ ሰባት ጉድለቶችን ይቈጥራሉ። ምግቡ አይበቃም፤ ዐይነቱ ለተቀባዩ አይስማማም፤ ለጤና የሚያስፈልገውን ሁሉ አይሰጥም፤ ዛሬ ተገኝቶ ነገ ይታጣል፤ ለብዙ ሰው አይደርስም፤ ለሥራው የሚወጣው ድካም ከሚገኘው ጥቅም ጋር አይመጣጠንም፤ ሰባተኛውም ክብርን ይነካል። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ግልጽ ሊሆን ይገባል። በአገራችን አብይ «በሞቴ፥ ብላልኝ» ብሎ ይለምናል፤ ለማኙ ተጋባዡ አይደለም፥ ጋባዡ ነው። ከሰልፍ ቆሞ፥ ድህነቱን አስረድቶ፥ ሌላው ከጓዳው የጣለውን ቆርቆሮ የሚቀበል ሰው ግን ሆዱ ቢሞላም አንገቱን ይደፋል።

ከዚህ የሚጠልቅ ክስም አለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ሲጠፋና መንግሥት ለድኾች የሚሰጠውን ርዳታ ሲቀንስ፥ እነዚህ ግምጃ ቤቶች ለጊዜው ተብለው በብዛት ተከፈቱ፤ ጊዜያዊው ግን ቋሚ ሆነ። ከረጢቱን የሞላ ሰው ልቡ ስለሚያርፍ፥ «ጎረቤቴ ሠርቶ ሳለ ስለ ምን ተራበ?» ብሎ መጠየቁን ይተዋል። በዚህ ዐይነት ደግነት ለፍትሕ ጕድለት መሸፈኛ ይሆናል ይላሉ ደራሲዋ። ይህም እውነት ነው። ፊዲንግ አሜሪካ የተባለው የምግብ ባንኮች ማኅበር ራሱ፥ እኛ አንድ ገበታ ስናቀርብ የመንግሥቱ የምግብ ድጎማ ዘጠኝ ገበታ ያቀርባል ብሏል። በዚያች ባለጸጋ አገር በ2023 ዓ.ም. ከመቶ ቤተ ሰብ 13.5 ያህሉ በቂ ምግብ ለማግኘት ይቸገር ነበር። ይህን ያህል ችግር በከረጢት ተሸክሞ መጨረስ አይቻልም።

መጽሐፉን ግን ያለ ነቀፌታ አናልፈውም። ደራሲዋ ግምጃ ቤቶቹ ይዘጉ አላሉም፤ ይሁን እንጂ የሰጪውን ልብ እጅግ ስለ መረመሩ፥ ሰነፍ አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ «እንግዲያስ መስጠት ከንቱ ነው» ለማለት ምክንያት ያገኛል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ሕግ እስኪታረም ዓመታት ያልፋሉ፤ የሕፃን ራብ ግን እስከ ማታ እንኳ አይታገሥም። ስለ ፍትሕ እየተናገረ እጁን የሚሰበስብ ሰው፥ ሰጥቶ ዝም ከሚለው ሰው እጅግ ያነሰ ነው።

እንግዲህ፥ ወጣት ሆይ፥ ምግብ ለመሰብሰብ ብትጠራ ሂድ። ስትሰጥ ከማትፈልገው ሳይሆን ራስህ ከምትበላው ስጥ። ስታድልም ተቀባዩ የሚወደውን ይምረጥ፤ ስሙን ጠይቀህ በስሙ ጥራው። ወደ ቤትህ ስትመለስ ግን ድካምህ ብቻ ደስ አያሰኝህ። ያ ሰው በሚመጣው ሳምንት ደግሞ ከሰልፉ የሚቆመው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠይቅ፤ ያወቅኸውንም መልስ ሥልጣን ላላቸው ሰዎች ለመንገር አትፍራ።