«መድረክ» እና «ጀብዱ»፦ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ዘውጎች ብያኔና ስያሜ

ለአንድ ሙያዊ ጽንሰ ሐሳብ ስያሜ ሊወጣለት የሚገባው በቅድሚያ ከተበየነ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ የሚደርሰው ጉዳት በቪዲዮ ጨዋታ ዘውጎች ስያሜ ላይ ጎልቶ ይታያል። እንግሊዝኛው «ፕላትፎርም» ስላለ «የመድረክ ጨዋታ»፣ «አድቬንቸር» ስላለ «የጀብዱ ጨዋታ» ማለት ቃሉን እንጂ ጽንሰ ሐሳቡን መተርጎም አይደለም።

በመጀመሪያ «መድረክ»ን እንመልከት። ቃሉ ለአማርኛ አንባቢ ተዋናይ የሚጫወትበት ወይም ተናጋሪ የሚቆምበት ከፍ ያለ ስፍራ ነው። የእንግሊዝኛው ስያሜ ግን የሚያመለክተው አንዱ ከሌላው በላይ የተዘረጉ ወለሎችን ነው። ብያኔውም ጥንቃቄ ይሻል። «ገጸ ባሕርይው የሚዘልበት ጨዋታ» ቢባል ብያኔው በአንድ በኩል ይጠብባል፤ በሌላ በኩል ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ስፔስ ፓኒክና በ1983 የወጣው ሎድ ራነር ዘወትር በዚህ ዘውግ ቢመደቡም፣ በመሰላል መውጣትና ወለል መቆፈር እንጂ ዝላይ የለባቸውም። በአንጻሩ በ1991 በወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ተፋላሚዎቹ ይዘላሉ፤ ጨዋታው ግን የፍልሚያ ነው። ስለዚህ ብያኔው የሚከተለው ቢሆን ይመረጣል፦ ተጫዋቹ የሚመራው ገጸ ባሕርይ ከፍና ዝቅ ብለው በተዘረጉ ወለሎች ላይ የሚጓዝበት፣ ዋናው ፈተናም ይኸው ጉዞ የሆነበት ጨዋታ። ስያሜው «የእርከን ጨዋታ» ቢሆን የኮንሶን እርከን የሚያውቅ ሁሉ ምስሉን ወዲያው ያገኘዋል።

የ«ጀብዱ» ስሕተት ከዚህ ይብሳል። ጀብዱ በአማርኛ በጦር ሜዳ ወይም በአደጋ ፊት የሚፈጸም የጀግንነት ሥራ ነው። የዘውጉ ስም ግን ከአንድ ጨዋታ መጠሪያ የተወረሰ ነው። ዊል ክራውዘር በ1976 የጻፈውና ዶን ዉድስ በ1977 ያስፋፋው «አድቬንቸር» በኬንታኪ የሚገኘውን የማሞዝ ዋሻ መነሻ ያደረገ፣ ተጫዋቹ አጫጭር ትእዛዞችን እየጻፈ ዋሻ የሚያስስበት ጨዋታ ነበር። በ1984 በወጣው ኪንግስ ክዌስት ትእዛዙ በሥዕል ታጀበ፤ በ1987 በወጣው ማኒያክ ማንሽን ደግሞ ትእዛዝ መጻፍ ቀርቶ ከተደረደሩ ግሦች መምረጥ ሆነ። ያልተለወጠው ስፍራን ማሰስ፣ ዕቃ መሰብሰብና መሰናክልን በእጅ ቅልጥፍና ሳይሆን በማሰብ ማለፍ ነው። በ1990 በወጣው ዘ ሲክሬት ኦቭ መንኪ አይላንድ የሰይፍ ግጥሚያ እንኳ የሚረታው ለስድብ ተገቢውን መልስ በመምረጥ ነው። ይህን «ጀብዱ» ማለት አንባቢን ማሳሳት ነው፤ «የአሰሳ ጨዋታ» ግን ከምንጩም ከባሕርይውም ይስማማል።

አሰሳ በሌሎች ዘውጎችም ይገኛል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ስያሜ ብያኔን ሁሉ እንዲሸከም አይጠበቅም፤ የሚጠበቅበት እንዳያሳስት ነው። ፍልሚያንና አሰሳን ለሚያጣምሩ ጨዋታዎችም «የፍልሚያና አሰሳ ጨዋታ» የሚል ጥምር ስያሜ ማውጣት አያስቸግርም።

እነዚህ ስያሜዎች ተቀባይነት ባያገኙ «ፕላትፎርመር»ንና «አድቬንቸር»ን እንዳሉ መዋስ ይሻላል። የውሰት ቃል ያጋጠመው አንባቢ ፍቺውን ፍለጋ መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ የተሳሳተ አቻ ያጋጠመው ግን ያወቀ መስሎት ያልፋል።